የሙሽራዋ አጎትና የሽንቱ ነገር

አዋሽ ሰባት፣ ኅዳር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባንተይርጋ፣

እንደምን ከርመሃል? የሰመራ ፀሐይ ምን ያህልህን አስቀረልኝ? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር ተመስገን ነው። ጆሮዬ ግን ካልጮኹበት አልሰማ ብሏል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህም ስለዚሁ ነው። ስልክ ይዤ ስጮህ አልቤርጎዬ ውስጥ ያረፈው ሹፌር ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ ይላል። ባለፈው «ሆድህን እንዴት አደረገህ?» ብዬ ስጠይቅህ፣ ካንተ ቀድሞ አራት ቁጥር ያረፈው ሰውዬ «ደህና ነኝ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ስለዚህ የቤተሰብ ነገር በወረቀት ይሁን ብዬ ይኸው ለትግሉ አስያዝኩት። ትግሉን ታውቀዋለህ፤ የጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳው ደንበኛዬ ነው። ሲወርድ የኔን ላንተ ያደርሳል፣ ሲመለስ ያንተን ለኔ ያመጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልጄ ትዝታ ልታገባ ነው። እልል በል። ልጁ አዲስአለም ይባላል፤ እዚሁ አዋሽ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ ጨዋ ነው። የሚያሳስበኝ አባቱ ነው። አቶ ገብረሥላሴ ይባላሉ፤ ከባቡር ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ፈገግታ የማያውቁ ሰው ናቸው። ሽምግልና መጥተው ገና ስለ ልጅቷ ማውራት ስንጀምር ብድግ ብለው ወጡ። ተመልሰው ተቀመጡ። ቀን እንቁረጥ ስንል እንደገና ብድግ። የናቁን መሰለኝ። «ቤቱ አባት የለውም» ብለው ይሆናል ብዬ ሌሊቱን ስብከነከን አደርኩ።

ስለዚህ አባት ያስፈልገኛል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከዘመድ ወንድ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። የአክስቴ ልጅ ብትሆንም በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ነህ። ሠርጉ ጥር 26 ነው። ሙሽሪትን እጇን ይዘህ የምታስረክበው አንተ ነህ። ምክንያት አልቀበልም።

ድንግል በጥላዋ ትያዝህ።

እኅትህ ለተማርያም


ሰመራ፣ ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ እኅቴ ለእትዬ ለተማርያም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤንነትዎ እንዲበዛ እመኛለሁ። የትዝታን ነገር ስሰማ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃል አጣሁ። ያቺ ጥርሷን ስታበቅል ጣቴን የነከሰችኝ ልጅ ለወግ ለማዕረግ በቃች። አምላክ ትዳሯን የአብርሃም የሣራ ያድርግላት።

ሆኖም እትዬ፣ ለመምጣት እንደማይመቸኝ ስገልጽልዎ በታላቅ ሐዘን ነው። አንደኛ፣ በውሃ መሥሪያ ቤታችን የንብረት ቆጠራ ያለው በዚያው ሰሞን ነው፤ ቧንቧና ብሎን የሚቆጥረው ደግሞ እኔ ነኝ። ሁለተኛ፣ ጉልበቴ ረጅም መንገድ አይችልም። ሦስተኛ፣ ሙቀቱ ለመንገደኛ አይሆንም።

እኔን የሚወክል ከአሳይታ በእጅ የተሠራ ትልቅ የዘንባባ ምንጣፍ በትግሉ እልካለሁ። ሙሽሮቹ ቆመው ፎቶ ይነሱበታል።

ታናሽ ወንድምዎ ባንተይርጋ


አዋሽ ሰባት፣ ኅዳር 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለባንተይርጋ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ በላይ ሰላምታ ለዛሬ አይገባህም።

ምንጣፍ እጅ ይዞ ልጅ ያስረክባል ወይ? በጥር ወር ሙቀት አለ ብለህ ለኔ ለአዋሽ ሰው ትጽፋለህ? ጉልበትህንም ትግሉን ጠየቅኩት። «ጋሽ ባንቴ? ባለፈው ሎግያ ምሳ ስንበላ በመሃል ተነስተው ወደ ሽንት ቤት ሲሮጡ ጉልበታቸው ከእኔ ይጠነክራል» አለኝ። እንግዲህ የሚሮጥ ጉልበት የታመመ ጉልበት አይደለም።

ሌላም ሰምቻለሁ። ጎረቤትህ መዲና፣ ሻሽና ጨርቅ የምትነግደው፣ እኔ ጋ አርፋ ነበር። ያንተ ዘመድ መሆኔን ስታውቅ ትንሽ ከወዲያ ወዲህ አለችና አወጣችው። ባለ ዚፕ ጥቁር ቦርሳ ከብብትህ አይለይም አሉ። ቀን በቀን በተወሰነ ሰዓት ስልክህ ይጮሃል፤ አንተ የያዝከውን ጥለህ ትነሳለህ፤ እጅህን በሳሙና እስከ ክርንህ ትታጠባለህ፤ በር ዘግተህ ብቻህን ትቆያለህ፤ ስትወጣ ፊትህ ላይ እፎይታ ይነበባል። መዲና «ማሻአላህ፣ ልቡን አላህ የከፈተለት ይመስለኛል፤ እኛ ግን እስኪነግረን አንጠይቅም» አለችኝ።

ባንቴ፣ ሰልመህ ከሆነ ንገረኝ። አልቆጣም። እዚህ አገር ስኖር የክፉ ቀን ደራሽ ማን እንደሆነ አይቻለሁ። የማዝነው ስለደበቅከኝ ነው። የሙስሊም ሥጋ ለብቻ ይታረድልሃል፤ በግ ተራ ላለችው ለሐጂራ ቀድሜ ነግሬያታለሁ። ካልሰለምክ ደግሞ ሚስት ደብቀሃል ማለት ነው። እሷንም ይዘሃት ና።

ከሁለቱ አንዱን ጻፍልኝ።

ለተማርያም


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ። አልሰለምኩም። ሚስትም የለኝም። ለሐጂራ ያዘዙትን በግ ይተዉት።

እትዬ፣ ሽንቴ እንቢ ብሎኛል።

ይህን አረፍተ ነገር ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀደድኩ። አሁን ከወጣ በኋላ ግን የቀረው ይቀላል።

ያለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ለሥራ አፋምቦ ወርደን ነበር፤ የተሰበረ የውሃ መስመር ለማየት። ከጠዋት ጀምሮ ሽንቴ መጣ፤ ከግራር ሥር ብቆም አልወርድ አለኝ። ይሻለዋል ብዬ ውሃ ጠጣሁበት። ከሰዓት በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ስንመለስ መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል እኔ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ፤ የማላውቃቸውንም ጨመርኩ። ሆስፒታል አድርሰውኝ በቱቦ ሲቀዳልኝ ሐኪሙ ራሱ መያዣውን እያየ «ወይ ጉድ!» አለ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ በደስታ። እንደዚያ ቀን ዓለም ሰፍታልኝ አታውቅም።

የስኳር በሽታዬ ነው አሉኝ። የሽንት ፊኛዬን አደንዝዞታል፤ ይሞላል እንጂ መግፋት አይችልም። ሳይወጣ ከቆየ ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ በየተወሰነ ሰዓት ራሴ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ባዶ ማድረግና ቱቦውን ማውጣት አለብኝ። ቱቦውን እንደሰማሁ «ከዚህስ ሞት ይሻላል» አልኳቸው። ያስተማረችኝ ነርስ ሀምዳ የምትባል የአፋር ልጅ ናት፤ አትስቅም፣ አትቆጣም። «ጋሼ፣ ሞትን ሌላ ጊዜ ያስቡበት፤ አሁን እጅዎን ይታጠቡ» አለችኝ።

ታጠብኩ። የሚያለሰልሰውን ቅባት ቀባሁ። ጣራ ጣራውን አየሁ።

«ጣራው ላይ ምንም የለም፤ ወደዚህ ይመልከቱ» አለች። «አይግፉት። ሲይዝዎት ቆም ብለው ይተንፍሱ። ቢስሚላህ ብለው ይጀምሩ።»

እኔ «በስመ አብ» አልኩ። ገባ። ሽንቱም ወረደ። እንደፈራሁት አያምም፤ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነው እንጂ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ ጫማ ከማሰር ብዙም አይበልጥም። መዲና ያየችው ቦርሳ ውስጥ ያለው ቱቦ፣ ቅባትና ሳሙና ነው። ስልኬ የሚጮኸውም ፊኛዬ መሙላቱን ስለማይነግረኝ ነው። ሎግያም የሮጥኩት ትግሉ ወሬ ሲያበዛብኝ ሰዓቱ አልፎ ነው።

ታዲያ ለምን አልመጣም? አንድ ጊዜ ደሴ ልሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። መንገድ ላይ ፍተሻ ሆነና ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ቱቦውን ተሳፋሪው ሁሉ እያየ ወደ ላይ አነሳው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የ... የመኪና ነው» አልኩ።

«ነዳጅ መቅጃ?»

«አዎ» አልኩ። ምን ነካኝ! ያ መስመር ከቦቴ ነዳጅ በሚቀዱ ሌቦች የተማረረ ነው። አስወረደኝ። ሰውዬው ቱቦውን ዓይኑ አጠገብ አድርጎ ሲያየው ቆየና «በዚህ ስፋት አንድ ጀሪካን ለመሙላት ስንት ዓመት አስበህ ነው?» አለኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። በመጨረሻ ለብቻው ጠርቼ እውነቱን በጆሮው ስነግረው ደንግጦ ለቀቀኝ፤ ቦርሳዬንም ራሱ ተሸክሞ አሳፈረኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ከሰመራ ርቄ አልሄድኩም።

አሁን የእርስዎን ሠርግ ያስቡት። አንድ ሽንት ቤት፣ ያ ሁሉ እንግዳ፣ በሩ ላይ ሰልፍ፣ እኔ ውስጥ፣ ውጪ የሚጠብቅ ሙሽራ። «አባቷ የት ሄደ?» ሲባል ምን ይሉልኛል? በትዝታ ቀን መሳቂያ ከምሆን ብቀር ይሻላል።

ይህን ወረቀት አንብበው ያቃጥሉት።

ባንተይርጋ


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ትግሉ ደብዳቤውን በእጅዎ ሰጥቻለሁ ይላል። «አንብበው ምን አሉ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ተነስተው ግንበኛ ሊጠሩ ሄዱ» አለኝ። ግንበኛ ለምን? እኔን የሚያህል መቃብር ሊያስቆፍሩ ነው?

አስቀይሜዎት ከሆነ ይማሩኝ። አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ባንተይርጋ


አዋሽ ሰባት፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባንቴ፣

የልደቱ በረከት ይድረስህ። መልሱ የዘገየው ግንበኛው ስለዘገየ ነው። በባዶ ቃል «አይዞህ» ልልህ አልፈለግኩም።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ አለቀስኩ። እንዲህ ሆነህ ብቻህን! ነዳጅ መቅጃው ጋ ስደርስ ግን ይቅር በለኝ፣ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። አንተ ሞኝ! ሰው ሁሉ ሽንቱን ይሸናል፤ አንተ በቱቦ ትሸናለህ። እኔ በመነጽር አነባለሁ፤ ዓይኔን ያጣሁ መስሎኝ ቤቴ ተደብቄ ቀረሁ ወይ? የሰመራን ሰው ውሃ የምታጠጣ የውሃ መሥሪያ ቤት ሰው ስለ አንዲት ቀጭን ቧንቧ ታፍራለህ?

አሁን ስማ። ሰባት ቁጥር ክፍል ያንተ ነው። ውስጡ ሽንት ቤት ነበረው፤ አሁን የእጅ መታጠቢያ አስገብቼበታለሁ፤ ጣራው ላይ የራሱ የውሃ ሮቶ ተሰቅሎለታል፤ ዕቃህን የምታስቀምጥበት ንጹሕ መደርደሪያ፣ ደህና መብራት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ መወርወሪያ ተደርጎለታል። ሙሽራዋም ብትሆን አትገባበትም። ለትዝታ ብቻ ነግሬያታለሁ፤ «አጎቴ ሳይቆም ከቤት አልወጣም» ብላለች፤ እልኸኛነቷን ታውቃለህ።

አውቶቡስ አትሳፈር። ትግሉ ያመጣሃል። «አቁም ባለህ ቦታ ሁሉ አቁም፣ ለምን አትበል» ብዬዋለሁ። ምን አለኝ መሰለህ? «እኔ ለጎማ አቆማለሁ፣ ለጋሽ ባንቴ አላቆምም?»

አንድ ነገር ልጠይቅህ ደግሞ። ይህ ነገር ብድግ ብድግ ያሰኛል ወይ? ያ አቶ ገብረሥላሴ ባለፈውም እሑድ መጥተው ጠበል ጠዲቅ ቀምሰው ሳይጨርሱ ብድግ አሉ። እኔ ንቀት ያልኩት ሽንት ይሆን እንዴ?

ለተማርያም


ሰመራ፣ ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ሮቶ ድረስ! እግዜር ይስጥልኝ። እመጣለሁ።

ስለ አቶ ገብረሥላሴ አላውቅም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ወንድ ፕሮስቴት በሚባለው የወንዶች እጢ ምክንያት እንዲያ ይሆናል ሲባል ሰምቻለሁ። ነገር ግን እትዬ፣ እባክዎን አይጠይቋቸው። ቢጠይቋቸውም ሰው በሌለበት። ሰው በሌለበትም ቀስ ብለው። ቀስ ማለት ደግሞ ለእርስዎ አይሆንልዎትም፤ ስለዚህ ይተዉት።

ባንተይርጋ


አዋሽ ሰባት፣ የካቲት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለባንቴ፣

በሰላም ገብተሃል ብሎ ትግሉ አስረድቶኛል፤ የመለሰህ አምላክ ይመስገን። ሙሽሮቹ ደህና ናቸው።

አንተ ሰባት ቁጥር ውስጥ ሳለህ ውጪ የሆነውን አታውቅምና ልንገርህ። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ በር ላይ ሲደርስ ስልክህ ጮኸ፤ አንተም ገባህ። ደግ አደረግህ፤ «ሰዓቱን አታሳልፍ» ብዬሃለሁ። ነገር ግን «አናስገባም ሠርገኛ» የሚሉት ልጆች ድምፃቸው እስኪዘጋ ዘፈኑ፤ የሚያስገባ አባት ጠፋ። አንዱ «ጥሎሹ አንሶት ተቀየመ» አለ። ሌላው «ልጁን አልወደደውም» አለ። ወሬው ድንኳኑን ዞሮ በር ላይ የቆሙት አቶ ገብረሥላሴ ጋ ደረሰና ፊታቸው ተኮሳተረ። ዘፋኞቹን ገፍተው ሚዜዎቹን አስከትለው ወደ ሰባት ቁጥር መጡ። እኔ በሩን በጀርባዬ ዘጋሁት።

«አባትዬው የት ናቸው? መናቃችንን ልወቀው!» አሉ፤ ይህን በደንብ ሰምቻለሁ።

ምን ልበል? «እየጸለየ ነው» አልኩ።

ባንቴ፣ ቁጣው በአንዴ በረደ። ሚዜዎቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። የንስሐ አባታችን ከድንኳን ወጡና «እንዲህ ያለ አባት ዛሬ የት ይገኛል? እኛም እናግዘው» ብለው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ሁሉም ተከተላቸው። ስትወጣ ሴቶቹ ጉልበትህን ሲስሙ ለምን እንደሆነ ሳይገባህ ዝም ብለህ የባረክካቸው ለዚህ ነው። ዓይንህ ላይ የነበረውን እፎይታ ያየ ሰው ሁሉ የመንፈስ ነው ብሎ አምኗል። እኔም አላስተባበልኩም።

አንተ ትዝታን ይዘህ ወደ ድንኳን ስትሄድ አቶ ገብረሥላሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እመቤቴ፣ ክፍሉን እኔም... ለጸሎት...» አሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። አስገባኋቸው። ቆዩ። በጣም ቆዩ። «የልጁም አባት እየጸለየ ነው» ተባለ።

ቀጥሎ ላለው ይቅር በለኝ። ምሳ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሙዚቃው እየጮኸ ነው፣ በጆሯቸው «አንተም አልወጣ ብሎህ ነው ወይ?» አልኳቸው። በችኮላ አንቱታውንም ረሳሁት። እንግዲህ ጄኔሬተሩ በዚያች ደቂቃ ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል? ድንኳን ሙሉ ሰው ሰማ። ያንተን ስም አላነሳሁም፤ ግን «አንተም» ያልኩት «ም» አሳጣን። ሰው ሁሉ ወደ አንተ ዞረ። አንተ ሳህንህ ላይ ያለውን ሥጋ አፍጥጠህ ታያለህ።

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ወንበር አንዱ «እኔንም» አለ። ቀጥሎ ከወዲያ ጥግ «ኧረ እኔንም ያስቸግረኛል» የሚል መጣ። አቶ ገብረሥላሴ ዙሪያቸውን አዩና ሳቁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሳቸውን አየሁት። አይገርምም? የፊት ጥርሳቸው ወርቅ ነው።

አሁን «ከወንድምሽ ሐኪም ጋ አገናኚኝ» ይላሉ። ናዝሬት ቅርብ ነው ብላቸው «እዚያ የሚያውቀኝ ሰው ሞልቷል» አሉ። ሊመጡብህ ነው።

ለተማርያም


ሰመራ፣ መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ ክብሩ ይድረስዎ።

አቡነ ዘበሰማያቱ እኔም ጋ ይሰማ ነበር። አንድ እጄ ሥራ ይዟል፤ በሌላው ላማትብ ብል አልሆነም። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጸለየልኝ የሸናሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ «ም»ዋ ደግሞ ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር፤ አሁን ለቆኛል።

አቶ ገብረሥላሴ መጡ። በመንገድ ሚሌ ላይ እንደኔ ያለ ጥቁር ቦርሳ ገዝተው፣ ሳሙናቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ነው የመጡት። ማታ በቅጡ አልተኙም። «ሲገባ ምን ያሰኛል?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ይገላበጡና ደግሞ «ሰው አይሞትበትም?» ይሉኛል። «እኔን ያዩኛል» እላለሁ። በነጋታው ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ቆመው አማተቡና «በል፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ከዚህ የባሰ ሐዲድ አልፌያለሁ» ብለው ገቡ።

ሐኪሙ መረመራቸው፣ በአልትራሳውንድ አያቸው፣ ደም ወሰደ። ፕሮስቴታቸው አብጧል፤ ፊኛቸው ግን ሽንቱን ራሱ ያወርዳል። «ለእርስዎ ቱቦ አያስፈልግም፤ ክኒን ጀምረው ክትትል ያደርጋሉ» አላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉት።

«አዎ አባቴ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ? ልቤን አጠንክሬ?» ወደኔ ዞረው ቦርሳቸውን አነሱ። «ባንቴ፣ ይህን ምን ላድርገው?»

ሀምዳ ናት ያዳነችኝ። «ምሳ ይያዙበት ጋሼ» አለቻቸው። አሁን ክኒኑን ጀምረዋል፤ ሌሊት እንደ ሕፃን በየሰዓቱ መንቃት ቀርቶልኝ እንደ ሰው መተኛት ጀመርኩ ይላሉ።

ለትግሉ ላስረክባቸው ሚሌ ድረስ ሸኘኋቸው። ምሳ በልተን ሳንጨርስ ሰዓቴ ደረሰ። የምግብ ቤቱ ሽንት ቤት አንድ ነው። ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ሥራዬን እንደጀመርኩ በሩ ተደበደበ።

«ማነው ውስጥ? ተኝተሃል ወይ?» የሚል ወፍራም የሹፌር ድምፅ ነው። ከኋላው ሌሎችም ይጮኻሉ።

እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ እስላለሁ፤ ከዚያ ተሸማቅቄ ሳልጨርስ እወጣለሁ። ያን ቀን ግን እትዬ፣ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ የእርስዎን ድምፅ የሚያህል ድምፅ ከሆዴ ወጣ፦

«በቱቦ እየሸናሁ ነው! ጠብቅ!»

የበሩ ድብደባ ቆመ። ቆየና ያው ወፍራም ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ በሩ ተጠግቶ፣

«እሺ ጋሼ፤ ቀስ ይበሉ፤ እኛ አንቸኩልም» አለኝ።

ትዝታን ይሳሙልኝ።

ወንድምዎ ባንተይርጋ